6 ቁጥር የሚገባው የትኛው ካርቶን ውስጥ ነው? (የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስቸገረው አባት)

ባለቧንቧው

ሰላም ለዚህ ቤት። ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ሙያ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ትልቋ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። እስከ ስድስተኛ ሒሳብ የተማረችው በአማርኛ ነበር፤ ሰባተኛ ስትገባ ወደ እንግሊዝኛ ተቀየረና ማታ ማታ አስጠኚዋ እኔ ሆንኩ። እኔ ራሴ ትምህርት ያቆምኩት አሥረኛ ላይ ነው። ቢሆንም ክፍልፋይ አያስፈራኝም፤ ቀኑን ሙሉ የቧንቧ ልክ በኢንች እየጠራሁ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ፣ አንድ ከሩብ፣ አንድ ተኩል ስል ነው የምውለው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ለፈተና ስናጠና ደብተሯ ላይ አራት ዓይነት ቁጥር አገኘሁ። መቁጠሪያ ቁጥር፣ 1፣ 2፣ 3 እያለ የሚሄደው። ሙሉ ቁጥር፣ እሱው ዜሮ ተጨምሮበት። ኢንቲጀር፣ ኔጌቲቮቹም ገብተው። ራሽናል፣ ክፍልፋይ ያለበት። ስብስቦች ናቸው ይላል። እኔ ደግሞ ስብስብ ሲሉኝ ዓይኔ ላይ የሚመጣው የዕቃ ክፍሌ ነው፦ ኤልቦ የምንለው የቧንቧ ማጠፊያ ለብቻው ካርቶን፣ ቲ ለብቻው፣ ኒፕል ለብቻው። አንድ ኤልቦ ሁለት ካርቶን ውስጥ ሊገኝ አይችልም። ስለዚህ አራት ካርቶን ሣልኩላትና ቁጥሮቹን አከፋፈልናቸው። 6ን መቁጠሪያ ውስጥ ከተትነው፣ ዜሮን ሙሉ ቁጥር ውስጥ፣ −4ን ኢንቲጀር ውስጥ፣ 2/3ን ራሽናል ውስጥ። ደስ ብሎን ተኛን።

ፈተናው ላይ «ከሚከተሉት ውስጥ ራሽናል የሆኑትን በሙሉ ጻፉ» የሚል መጣ፦ 6፣ −4፣ 0፣ 2/3፣ 0.75፣ 8/4። ልጄ ባስተማርኳት መሠረት 2/3ን፣ 0.75ንና 8/4ን ብቻ ጻፈች። ቀጥሎ «ኢንቲጀር የሆኑትንስ?» ሲል 8/4ን ዘለለችው፤ ክፍልፋዮቹ ካርቶን ውስጥ ነዋ ያለው። ከአሥር አራት ይዛ መጣች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «አባዬ፣ ካርቶንህ ጣለኝ» አለችኝ።

ጥያቄዬ ይኼው ነው። አንድ ቁጥር እንዴት ሆኖ ነው አራት ቦታ የሚገኘው? 8/4 በክፍልፋይ ተጽፎ እያየነው ኢንቲጀር የሚባለው እንዴት ነው? ሌላም አለ፦ 1/2 + 1/3 ላይ 2/5 ብላ ጽፋለች። ስህተት መሆኑን አውቃለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት አቃተኝ። መጽሐፉ የሚለውን አንብቤዋለሁ፤ እባካችሁ ለቧንቧ ሠራተኛ በሚገባ ቋንቋ ንገሩኝ።

ጠመኔ

ወንድሜ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የእርስዎን ካርቶን ስንት ተማሪ ደብተር ላይ እንዳየሁት አልነግርዎትም። አንዳንዱ ኬሻ ይለዋል፣ አንዳንዱ ክፍል ይለዋል፤ ነገሩ ያው ነው።

ስብስብን ዕቃ ማስቀመጫ ካደረጉት ይህ ስህተት የግድ ይመጣል። «የዚህ ስብስብ አባል ነው» ማለት መስፈርቱን ያሟላል ማለት ብቻ ነው። እርስዎ የእድር አባል ነዎት፣ እቁብም ይጥሉ ይሆናል፣ የጽዋ ማኅበርም ይኖርዎታል። እድሩ ከእቁቡ አይነጥቅዎትም። የዕቃ ክፍልዎን ልዋስና አንድ የሦስት ሩብ ኤልቦ ያንሡ። «ኤልቦ የሆናችሁ!» ብለው ቢጣሩ አቤት ይላል። «ሦስት ሩብ የሆናችሁ!» ብለው ቢጣሩም አቤት ይላል። የተቀመጠበት ካርቶን አንድ ነው፤ አቤት የሚልባቸው ስሞች ግን ሁለት ናቸው፣ «የብረት ዕቃ» ብለው ከጠሩት ደግሞ ሦስት።

ቁጥሮቹ ላይ ነገሩ ከዚህም ይጠብቃል፤ አንዱ ስብስብ በሌላው ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ወረዳው በክፍለ ከተማው ውስጥ፣ ክፍለ ከተማው በአዲስ አበባ ውስጥ እንዳለ ማለት ነው። የወረዳው ነዋሪ ሁሉ ያለ ተጨማሪ መታወቂያ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ ግን የዚያ ወረዳ ነዋሪ አይደለም። «ንዑስ ስብስብ» የሚሉት ይህንን ነው። ስለዚህ አራቱን ካርቶን ይቅደዱና አራት ክብ አንዱን በአንዱ ውስጥ ይሣሉላት፦ ከሁሉም ውስጠኛው መቁጠሪያ፣ ከዚያ ሙሉ ቁጥር፣ ከዚያ ኢንቲጀር፣ ውጪው ራሽናል። 6 ውስጠኛው ክብ ላይ ትቀመጥ። አራቱም ክብ ይዞራታል፤ ስለዚህ አራቱም ስሟ ነው። −4 ሦስተኛው ክብ ላይ ነው፤ ሁለት ስም አለው፣ ኢንቲጀርና ራሽናል። 2/3 የውጪው ክብ ላይ ብቻ ይቀራል።

የራሽናል መስፈርቱ ይኼ ነው፦ ላዕሉም ታህቱም ኢንቲጀር ሆኖ፣ ታህቱ ዜሮ ሳይሆን፣ በክፍልፋይ ሊጻፍ የሚችል። «የሚችል» የምትለዋ ላይ በቀይ ያስምሩባት። 6 ሲፈልግ 6/1፣ ሲፈልግ 12/2 ይሆናል። ዜሮ 0/5 ነው፤ −4 ደግሞ −4/1። እግረ መንገዴን፣ ልጅዎ መጽሐፍ ላይ ኢንቲጀሮች በዜድ፣ ራሽናሎች በኪው ተመልክተው ያገኟቸዋል። ዜድ የመጣው ቁጥሮች ለማለት «ጻለን» ከሚለው የጀርመንኛ ቃል ነው፤ ኪው ደግሞ «ኮሸንት» ከሚለው፣ የማካፈል ውጤት ማለት ነው። ተማሪዎቼ ይህን ከሰሙ በኋላ ፊደሎቹን አያምታቱም ነበር።

8/4ን በተመለከተ፣ ድሮ «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ይባል ነበር። ሦስቱን ሲሶ ይደምሩት፤ ያው አንዱ አገር ነው። 3/3 የ1 ሌላ አጻጻፍ ነው፣ 8/4 ደግሞ የ2። መልኩን አይተን አንፈርድም፤ አካፍለን የት እንደሚያርፍ እናያለን።

1/2 + 1/3ን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብለዋል፤ ይኸው፦ 2/5 ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ ዳቦ የያዘች ልጅ ተጨምሮላት እንዴት ከግማሽ በታች ይቀራታል? ካልተዋጠላት ሰዓት ያሳይዋት። ግማሽ ሰዓት 30 ደቂቃ ነው፣ ሲሶ ሰዓት 20 ደቂቃ፤ ድምሩ 50 ደቂቃ። 50 ከ60 ማለት 5/6 ነው። ታህት የቁራሹ ስም ነው፣ ላዕል ብዛቱ። ብዛት ይደመራል፤ ስም ግን አይደመርም። ሁለት ኤልቦና ሦስት ቲ አምስት ምን ይሆናሉ? አምስት ኤልቦ አይሉም፣ አምስት ቲም አይሉም፤ «አምስት ዕቃ» የሚል የጋራ ስም ይፈልጉላቸዋል። የግማሽና የሲሶ የጋራ ስማቸው ስድስተኛ ነው፦ 3/6 + 2/6።

ባለቧንቧው

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። «አቤት የሚልባቸው ስሞች» የሚለው ገብቶኛል፤ ከገባኝ በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፈርኩ።

አንዱ መደርደሪያዬ ላይ ኤልቦና የሦስት ሩብ ዕቃ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ባለፈው ዓመት ረዳቴን «ኤልቦ ስንት አለ?» አልኩት፤ «14» አለኝ። «ሦስት ሩብስ?» ስለው «20»። ደምሬ 34 ብዬ ጻፍኩ። በወሩ መጨረሻ ራሴ አንድ በአንድ ስቆጥር 28 ሆነ። ስድስት ዕቃ ወጥቷል ብዬ ልጁን ሁለት ቀን አኮረፍኩት። ለካ ስድስቱ የሦስት ሩብ ኤልቦዎች ናቸው! ኤልቦ ሲባል ተቆጥረዋል፣ ሦስት ሩብ ሲባልም ተቆጥረዋል። 14 + 20 − 6 = 28። ዛሬ ጠዋት ይቅርታ ስጠይቀው ምን እንዳገኘኝ ግራ ገብቶት አየኝ።

ልጄ ደብተር ላይ ደግሞ ሁለቱን ስብስብ አንድ ላይ ማድረግ «ዩኒየን» ይባላል ይላል። እኛ ጋ ዩኒየን ሁለት ቧንቧ ሳይዞር የሚያገጣጥም፣ ሲያስፈልግ ደግሞ የሚፈታ ዕቃ ነው። እንዲህ ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልረሳችውም።

አሁን ወደ ኔጌቲቮቹ ገብተናል፣ እንደገና ተጣብቀናል። −7 ከ−3 ያንሳል ይላል፤ እሷ «7 ከ3 አይበልጥም እንዴ?» ትላለች። 5 − (−2) ለምን 7 ይሆናል? ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ የሚሆንበትንማ እኔም ያኔ በሽምደዳ ነው ያለፍኩት።

ዲያቆኑ

ካርቶኑን ሙሉ በሙሉ አትጣሉት እንጂ! ካርቶን የሚሠራበት ቦታም አለ። የእኛን ዘመን ቆጠራ እዩት። 2018 ላይ 5500 ስትደምሩ ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። በ4 ስታካፍሉት 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ስለዚህ ዘመኑ የማርቆስ ነው። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ። አንድ ዓመት የማርቆስም የሉቃስም ሊሆን አይችልም፤ ከአራቱ ውጪ የሚቀር ዓመትም የለም። አራት ካርቶን፣ እያንዳንዱ ዓመት በአንዱ ብቻ። 7518 ላይ ያንኑ 1879 ጨምሩና በ7 አካፍሉት፣ 3 ይተርፋል። 3 ሐሙስ ነው፤ የ2018 መስከረም 1ም ሐሙስ ውሏል።

ጠመኔ

ዲያቆን፣ ጥሩ አመጡ። ያቺን በ7 ማካፈል ያቆዩልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ባለቧንቧው፣ ኔጌቲቭን ከፎቅ ጋር ያስተምሯት። ግራውንድ ዜሮ ነው። ከሱ በላይ 1፣ 2፣ 3፤ ከሱ በታች ቤዝመንት −1፣ −2። ማነስ ማለት እዚህ ዝቅ ማለት ነው። −7 ከ−3 አራት ፎቅ ወደ ታች ነው፤ ቁልቁል በሄደ ቁጥር ያንሳል። አገሩንም ማየት ይቻላል፦ ራስ ዳሸን ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ የዳናክል ረባዳ ቦታ ግን ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው።

5 − (−2) ማለት ከሁለተኛው ቤዝመንት እስከ አምስተኛው ፎቅ ስንት ፎቅ አለ ማለት ነው። ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ፓምፑ −2 ላይ፣ ሮቶው 5 ላይ ቢሆን ውኃው 3 ፎቅ ነው የሚወጣው? 7 ነው። አንዱን ፎቅ 3 ሜትር ብለው ቢያስቡት 21 ሜትር፣ በእናንተ ሒሳብ ለከፍታው ብቻ ከ2 ባር በላይ ግፊት ይፈልጋል። 5 − 2 ብሎ ፓምፕ የገዛ ሰው አምስተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧ ከፍቶ ይጠብቃል።

ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ለማባዛትም ሮቶው ይበቃናል። ሮቶው ይፈሳል እንበል፣ በደቂቃ 2 ሊትር። ለውጡ −2 ነው። ከ3 ደቂቃ በኋላ 3 × (−2) = −6፣ ስድስት ሊትር ጎድሏል። ከ3 ደቂቃ በፊትስ? ጊዜው −3 ነው፣ ፍሳሹ −2። ያኔ ሮቶው ውስጥ የነበረው ከአሁኑ በ6 ሊትር ይበልጥ ነበር። (−3) × (−2) = +6። ሌላ ምስጢር የለውም። ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ. በ628 የስሌት ደንብ ሲጽፍ ኔጌቲቩን ዕዳ፣ ፖዘቲቩን ሀብት እያለ ነው የጻፈው፤ ዕዳ በዕዳ ሲባዛ ሀብት ይሆናል ብሎ። ሮቶ ግን ከዕዳ ይሻላል፤ ዕዳን በዕዳ የሚያባዛ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ደግሞ ልጅዎ ኔጌቲቭን አላውቅም ካለች ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቋት። «ለአራት ሩብ ጉዳይ» ካለች 4 − 1/4 አስልታለች። «ሦስት ከአርባ አምስት» ካለችም ያው ቦታ ነው፣ 3 + 3/4።

ብርክታዊት

እኔ አሥረኛ ክፍል ነኝ፣ ልጅዎ የምትቸገርበት ገና አለ ጋሼ 😅 እኔን የፈጀኝ በክፍልፋይ ማካፈል ነበር። 6 ÷ 3/4 = 8። አካፍለን እንዴት ይበዛል? እያልኩ ስከራከር ነበር። ወንድሜ በቧንቧ ባይሆንም በገመድ ነው ያስረዳኝ፤ ለእርስዎ በቧንቧ ልንገርዎት። ባለ 6 ሜትር ቧንቧ አለ፣ እያንዳንዱ 3/4 ሜትር የሆነ ቁራጭ ይፈለጋል። ስንት ይወጣል? 8። ማካፈል ማለት «ስንት ጊዜ ይገኝበታል?» ማለት ነው፤ ቁራጩ ባጠረ ቁጥር ብዛቱ ይጨምራል።

በዚያው 5/0 ለምን እንደማይቻልም ይገባል። ከ5 ሜትር ቧንቧ ባለ ዜሮ ሜትር ቁራጭ ስንት ይወጣል? ሲቆርጡ ቢውሉ ቧንቧው አያልቅም፤ መልስ የለውም። 0/5 ግን መልስ አለው፦ ምንም ቧንቧ የለም፣ ለአምስት ሰው ይካፈል ቢባል ለእያንዳንዱ ዜሮ።

ባለቧንቧው

ብርክታዊት ልጄ፣ ተባረኪ። ግን የሙያ ነገር ሆኖብኝ አንድ ልበል፦ 8 የሚወጣው በወረቀት ነው። መጋዝ ይበላል። በእያንዳንዱ ቆረጣ ሁለት ሚሊ ቢበላ፣ ሰባት ቆረጣ 14 ሚሊ ነው፤ ስምንተኛው ቁራጭ ወደ አንድ ሴንቲ ተኩል ያጥርብሻል። ይህን ለልጄ አልነገርኳትም፣ ከፈተና በኋላ እነግራታለሁ።

ሌላም የሙያ ጉድ ላጫውታችሁ። «ሦስት ሩብ» ብለን የምንጠራው የብረት ቧንቧ በሜትር ቢለካ የትም ቦታው ሦስት ሩብ ኢንች አይደለም። ሦስት ሩብ ኢንች 19 ሚሊ ገደማ ነው፤ የቧንቧው ውጪ ግን 27 ሚሊ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚጎድለው። ሦስት ሩብ ስሙ ነው እንጂ ልኩ አይደለም። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ደግሞ በሚሊ ሜትር ይጠራል፣ ለሦስት ሩብ ባለ 25፣ ለግማሽ ባለ 20። አንድ ቤት ውስጥ ያሮጌውን ብረትና አዲሱን ፒፒአር ስናጋጥም አንዱ በክፍልፋይ፣ አንዱ በኢንቲጀር ነው የሚያወራው። ልጄ ይህን ስትሰማ «በቃ ራሽናል በላቸው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሁለቱም አቤት ይላሉ።

የቨርጂኒያው

የሙያ ባልደረባዬ ሰላም ነው? እኔም ቧንቧ ላይ ነኝ፣ አሜሪካ። አገር ቤት በሴንቲ ለምዶ ለመጣ ሰው እዚህ መጀመሪያ የሚያስለቅሰው ሜትሩ ነው። ኢንቹ በ16 ተከፋፍሏል፤ አለቃዬ «አምስት ስምንተኛና ሦስት አሥራ ስድስተኛ ደምር» ሲለኝ የስምንተኛ ክፍል ደብተሬን ነው የተመኘሁት። 5/8 ማለት 10/16፣ ሲደመር 3/16፣ 13/16። አሁን ሳላስብ ነው የምለው።

አንድ ነገር ግን መምህሩን ልጠይቅ። ባለ 45 ዲግሪ ሁለት ኤልቦ ተጠቅመን ቧንቧውን ወደ ጎን ስናዞር፣ የዞረበትን ርቀት በ1.414 ማባዛት ነው የተነገረን። 30 ሴንቲ ከዞረ በሁለቱ ኤልቦ መሃከል ያለው 42.4 ሴንቲ ይሆናል። ይኼ 1.414 ራሽናል ነው? ደግሞ ትምህርት ቤት ፓይ 22/7 ነው ተብለን ነበር። ክፍልፋይ ከሆነ ራሽናል ነው ማለት ነዋ?

ጠመኔ

እነሆ የውጪው ክብ አለቀና ከሱ ውጪ ምን አለ የሚለው መጣ።

1.414 ራሽናል ነው፤ 1414/1000 ብለህ ልትጽፈው ትችላለህ። ዋናው ቁጥር ግን እሱ አይደለም። ጎኑ 1 የሆነ ካሬ ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ሲለካ የሚገኘው የ2 ካሬ ሥር ነው፤ 1.414 የእሱ ግምት ነው። የ2 ካሬ ሥር በክፍልፋይ አይጻፍም። ተጽፎ እስከ መጨረሻው ተቃልሏል ብለህ ብትነሣ፣ ላዕሉ በ2 ይካፈላል፣ ከዚያ ታህቱም በ2 ይካፈላል፤ እስከ መጨረሻው ተቃልሏል ያልከው ገና ሊቃለል ነው፣ እርስ በርሱ ይጋጫል። ፓይም እንደዚሁ ነው፤ ክፍልፋይ እንደማይሆን ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1761 አረጋግጧል። 22/7 ጥሩ ጎረቤቱ ነው። ባለ 110 ሚሊ የሽንት ቤት ፒቪሲ ቧንቧ ዙሪያውን በ22/7 ብታሰላው ከትክክለኛው የሚበልጠው በ0.14 ሚሊ ገደማ ነው፣ በእስኪርቢቶ የምታሰምረው መስመር ከዚያ ይወፍራል።

በዓይን እንዴት እንለያቸው? አሁን የዲያቆኑ በ7 ማካፈል ይምጣ። በ7 ሲካፈል ቀሪው ከ0 እስከ 6 ካሉት አንዱ ነው፣ ሌላ ምርጫ የለውም። 1ን በ7 በወረቀት አካፍሉ። ቀሪዎቹ 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5፣ 1 እያሉ ይመጣሉ። 1 ላይ ሲደርስ መነሻው ላይ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ያው ዙር ነው፦ 0.142857 142857 142857። ቀኖቹ ሰባት ብቻ ስለሆኑ ስምንተኛው ቀን እንደገና ሰኞ እንደሚሆን ማለት ነው። ማንኛውም ክፍልፋይ በአስርዮሽ ሲጻፍ ወይ ያቆማል እንደ 3/4፣ 0.75፤ ወይ ይደጋግማል እንደ 1/3፣ 0.333…። የሚያቆሙት ከተቃለሉ በኋላ ታህታቸው ከ2ና ከ5 ብቻ የተባዛ ነው፤ የአሜሪካው ሜትር ከ2 ብቻ ስለተሠራ የትኛውም ምልክቱ ያቆማል። ፓይና የ2 ካሬ ሥር ግን አያቆሙም፣ አይደጋግሙምም። ይህ የዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ለሚኒስትሪ አይመጣባትም፣ ብታውቀው ግን አይጎዳትም።

ባለቧንቧው

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ትናንት ማታ አራቱን ክብ በጠመኔ የዕቃ ክፍሉ በር ላይ ሣልናቸው። እሷ ቁጥር ትጠራለች፣ ረዳቴ እየሮጠ ይጽፋል። 8/4ን ሦስተኛው ክብ ላይ ሊጽፍ ሲል «አካፍለው እንጂ መጀመሪያ!» ብላ ጮኸችበት፤ ውስጠኛው ክብ ላይ ጻፈው።

ከዚያ እኔን ጠየቀችኝ። «አባዬ፣ ከ3 ቀጥሎ ያለው ኢንቲጀር 4 ነው። ከ3/4 ቀጥሎ ያለው ራሽናል ስንት ነው?» ሳላቅማማ «አንድ ኢንች ነዋ፣ ከሦስት ሩብ ቀጥሎ አንድ ኢንች ነው የሚመጣው» አልኳት። ረዳቴም ራሱን ነቀነቀልኝ። እሷ ብቻ ሳቀች። መምህር፣ ምን ልበላት?

ጠመኔ

እንኳን ሳቀች። ቀጥሎ የሚባል የለም። 3/4ንና 1ን ደምረው ለሁለት ያካፍሉ፣ 7/8 በመሃከላቸው ቆሟል። 3/4ንና 7/8ንም እንደዚያው ያድርጉ። በየትኛውም ሁለት ራሽናል መሃል ሌላ አለ።

የቨርጂኒያው

7/8 እኔ ሜትር ላይ አለ። ቀጥሎ 13/16፣ እሱም አለ። ከዚያ በኋላ መስመር የለኝም።

ባለቧንቧው

እሷ ጋ አለ። 13/16፣ 25/32፣ 49/64። አራት ሰዓት ከሩብ ሆነ፣ ነገ ትምህርት አለ ብዬ መብራቱን አጠፋሁባት።